«ተፈጥሯዊ» ወይስ «ሰው ሠራሽ»? በማረጥ ዘመን የሚሰጡ ሆርሞኖችና የስያሜያቸው ወጥመድ

በምዕራብ ካናዳ ሰፋፊ ሜዳዎች በሚገኙ የፈረስ ርባታ ጣቢያዎች፣ የበረዶው ወራት ሲገባ ያረገዙ ባዝራዎች ወደ ጋጣ ይገባሉ። ለእያንዳንዷ ባዝራ ሽንቷን የሚያጠራቅም ከረጢት ይታሰርላታል። የተጠራቀመው ሽንት ወደ ፋብሪካ ይጓዛል፤ በዚያም ኤስትሮጅን የተባሉ ሆርሞኖች ከውስጡ ይነጠላሉ። ከብዙ ማጣራት በኋላ በክኒን መልክ ተዘጋጅተው፣ የወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች መድኃኒት ይሆናሉ።

ይህ መድኃኒት ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ከእንስሳ የተገኘ ነውና ተፈጥሯዊ ነው የሚል ሰው አልተሳሳተም። ይሁን እንጂ በውስጡ ካሉት ሆርሞኖች ግማሽ ያህሉ ብቻ በሴት ልጅም ሰውነት የሚገኘው ኤስትሮን ሲሆን፣ ከቀሪዎቹ ብዙዎቹ እንደ ኢኩዊሊን ያሉ፣ የሰው ልጅ አካል ከቶ የማያመነጫቸው የፈረስ ሆርሞኖች ናቸው። በአንጻሩ ከአኩሪ አተር በተገኘ ጥሬ ዕቃ በፋብሪካ የሚሠራው ኤስትራዲዮል የሴቷ አካል ራሱ ከሚያመነጨው ኤስትራዲዮል ጋር አንድና ያው ነው። ከተፈጥሮ በቀጥታ የመጣው ለሰውነት እንግዳ ሲሆን፣ በፋብሪካ የተሠራው የቤት ልጅ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት «ሰው ሠራሽ ነው» ብላ የሚጠቅማትን መድኃኒት ልትተው ትችላለች። ሌላዋ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነው» ስለተባለች ብቻ መጠኑና ጥራቱ ያልተመረመረ ቅባት ገዝታ ለማሕፀን ካንሰር ልትጋለጥ ትችላለች። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው አንድ ቃል ነው።

ማረጥና የሆርሞን ሕክምና

ማረጥ በሽታ አይደለም። የሴት ልጅ የዕንቁላል ዕጢዎች ሥራቸውን እየቀነሱ ሄደው የወር አበባ የሚቆምበት የዕድሜ ምዕራፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው አብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ያርጣሉ። የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ከቀረና ሌላ ምክንያት ከሌለው ሴቷ አርጣለች ይባላል።

በዚህ ጊዜ በሰውነት ውስጥ ያለው የኤስትሮጅን መጠን ያሽቆለቁላል። አንዳንዷ ሴት ምንም ሳይሰማት ታልፈዋለች። ሌላዋ ግን ድንገት ከደረቷ ተነሥቶ ፊቷን የሚያግላት ሙቀት፣ አልጋ የሚያርስ የሌሊት ላብ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የብልት ድርቀትና ሕመም ያስቸግራታል። አጥንትም ቀስ በቀስ እየሳሳ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል።

የሆርሞን ሕክምናው ዓላማ የጎደለውን ኤስትሮጅን በመጠኑ መተካት ነው። ማሕፀን ላላት ሴት ግን ኤስትሮጅን ብቻውን አይሰጥም። ብቻውን ሲሰጥ የማሕፀንን የውስጥ ግድግዳ ያለ ልክ እያወፈረ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላልና፣ ይህን የሚገታ ፕሮጄስትሮን ወይም የፕሮጄስትሮንን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሆርሞን አብሮ መሰጠት አለበት። ማሕፀኗ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ግን በአብዛኛው ኤስትሮጅን ብቻ ይበቃታል።

የዩሪያ ትምህርት

የተፈጥሯዊና የሰው ሠራሽ ሆርሞን ነገር ለአርሶ አደር በቀላሉ የሚገባ ምሳሌ አለው፤ እርሱም ዩሪያ ነው። ዩሪያ በመጀመሪያ የታወቀው በሽንት ውስጥ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1828 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ቮለር ያለ ምንም እንስሳ እገዛ ዩሪያን በቤተ ሙከራ ሠራ። ዛሬ በከረጢት ታሽጎ ወደ ማሳ የሚሄደው፣ 46 በመቶው ናይትሮጅን የሆነው ማዳበሪያ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በፋብሪካ የሚመረት ነው።

በቆሎው ዩሪያው ከላም ሽንት ይምጣ ከፋብሪካ አይለይም፤ የአንዷ ቅንጣት አሠራር ከሌላዋ አንድ ነውና። ሰብሉን የሚጠቅመው ወይም የሚያቃጥለው የዩሪያው መነሻ አይደለም፤ መጠኑ፣ የሚጨመርበት ጊዜና አጨማመሩ ነው። በሆርሞንም እንዲሁ ነው። የሰውነት ሕዋስ ሆርሞኑን የሚያውቀው በቅርጹ ነው፤ ቁልፍ ለመግጠም ቅርጹ እንጂ ብረቱ የተቆፈረበት ተራራ እንደማያስፈልገው ሁሉ።

ስለዚህ ባለሙያዎች ሆርሞኖቹን በሦስት ከፍለው ማየትን ይመርጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ከሴቷ ሆርሞን ጋር በቅርጽ ፍጹም አንድ የሆኑት ናቸው፤ ኤስትራዲዮልና ፕሮጄስትሮን በዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛዎቹ ከሌላ እንስሳ የተገኙት፣ ለምሳሌ የባዝራ ኤስትሮጅኖች ናቸው። ሦስተኛዎቹ የሰው ልጅ ቅርጻቸውን ሆን ብሎ የለወጣቸው ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት ነው። የመጀመሪያዎቹም ቢሆኑ ከተክል ተነሥተው በፋብሪካ የሚሠሩ ናቸውና፣ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የሰው እጅ ያልነካው ሆርሞን የለም ማለት ይቻላል።

ከጋጣ፣ ከዱር ሥርና ከአኩሪ አተር

ኤስትሮን ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጥሎ የታወቀው በ1929 ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚና ጀርመናዊው አዶልፍ ቡተናንት፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ ከነፍሰ ጡር ሴቶች ሽንት አገኙት። ከሰው ሽንት የሚገኘው መጠን ግን ለመድኃኒት አይበቃም ነበር። ብዙም ሳይቆይ በርንሃርድ ዞንዴክ ያረገዘች ባዝራ ሽንት በኤስትሮጅን እጅግ የበለጸገ መሆኑን ደረሰበት። ከባዝራ ሽንት የተዘጋጀው ፕሬማሪን የተባለው ክኒን በ1942 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ስሙም «የነፍሰ ጡር ባዝራ ሽንት» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተቀነጨበ ነው።

የፕሮጄስትሮን መንገድ ደግሞ በእርሻና በጫካ በኩል ያልፋል። ኬሚስቱ ራስል ማርከር በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሜክሲኮ ተጉዞ፣ በኢትዮጵያ ደቡብ ከሚበላው ቦዬ ጋር አንድ ወገን የሆነ ትልቅ የዱር ሥር አገኘ። በሥሩ ውስጥ ያለውን ዲዮስጄኒን የተባለ ንጥረ ነገር በተከታታይ የኬሚስትሪ ሂደቶች ወደ ፕሮጄስትሮን ለወጠው። በ1944 በሜክሲኮ ሲቲ ሲንቴክስ የተባለው ኩባንያ ሲመሠረት እርሱ አንዱ መሥራች ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ብርቅ የነበረው ፕሮጄስትሮን ዋጋው ወረደ፤ የገጠር ሜክሲኮ ቤተሰቦችም ሥሩን እየቆፈሩ መሸጥን መተዳደሪያ አደረጉ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጥቁር አሜሪካዊው ኬሚስት ፐርሲ ጁሊያን በአኩሪ አተር ዘይት ላይ ይሠራ ነበር። ውኃ ወደ አንድ ግዙፍ የዘይት ታንከር ሰርጎ ገብቶ ነጭ ዝቃጭ ፈጠረ። ለሌላው ሰው ይህ የተበላሸ ዘይት ነበር። ጁሊያን ግን ዝቃጩ ስቲግማስትሮል መሆኑን ለየ፤ ከእርሱም ፕሮጄስትሮን በብዛት ማምረት ተቻለ። ዛሬም በዓለም ላይ ለሚመረቱ በርካታ ሆርሞኖች መነሻው ከአኩሪ አተር ዘይት የሚተርፈው እንዲህ ያለው ተረፈ ምርት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። «ከዱር ሥር የተሠራ» እየተባለ የሚሸጥ ቅባት በሰውነት ውስጥ ፕሮጄስትሮን አይሆንም። ዲዮስጄኒንን ወደ ፕሮጄስትሮን የሚለውጠው የኬሚስቱ ቤተ ሙከራ ነው፤ የሰው አካል ይህን ማድረግ አይችልም። በእንዲህ ዓይነቱ ቅባት ተማምና ኤስትሮጅን የምትወስድ ሴት ማሕፀኗን ያለ ጠባቂ ትተዋለች።

ሁለት ተቃራኒ ማስጠንቀቂያዎች

«ሰው ሠራሽ» የሚለው ቃል ስጋት ማሳደሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1938 በእንግሊዝ በቻርልስ ዶድስ የተሠራው ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል እንደ ኤስትሮጅን የሚሠራ፣ በቅርጹ ግን ከሴት ሆርሞን የተለየ ርካሽ መድኃኒት ነበር። ፅንስ እንዳይወርድ በሚል ለብዙ ነፍሰ ጡሮች ተሰጠ። በ1971 በማሕፀን ሳሉ ለመድኃኒቱ በተጋለጡ ወጣት ሴቶች ላይ ብርቅ የሆነ የብልት ካንሰር መታየቱ ታወቀ፤ ለነፍሰ ጡሮች እንዳይሰጥም ማስጠንቀቂያ ወጣ። ይኸው መድኃኒት በአሜሪካ ከብቶችን ለማድለብም ሲያገለግል ቆይቶ በ1979 ታግዷል።

የተፈጥሮም ነገር ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። በ1940ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ ክሎቨር በተባለ፣ ከባቄላና ከአተር ወገን በሆነ የመኖ ተክል ላይ የተሰማሩ በጎች መፀነስ ተሳናቸው። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲፈትሹ ተክሉ እንደ ኤስትሮጅን የሚሠራ ንጥረ ነገር በብዛት እንዳለው ደረሱበት። መስኩ ለምለም ነበር፤ ፋብሪካም አልነካውም። የበጎቹ ማሕፀን ግን ተጎድቷል።

የ2002 ድንጋጤ

የሆርሞን ሕክምናን ታሪክ ለሁለት የከፈለው «የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ» የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ጥናት ነው። 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት የጥናቱ አንድ ክፍል የባዝራ ኤስትሮጅንን ከሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ነበር። ሐምሌ 2002 ላይ፣ ተሳታፊዎቹ በአማካይ ለ5.2 ዓመት ከተከታተሉ በኋላ፣ ከጊዜው ቀድሞ ተቋረጠ።

ውጤቱ በቁጥር ሲገለጽ እንዲህ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱ 10,000 ሴቶች መካከል በዓመት፣ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር፣ 7 ተጨማሪ የልብ ሕመም፣ 8 ተጨማሪ ስትሮክና 8 ተጨማሪ በሳንባ ውስጥ የሚከሰት የደም መርጋት ታየ። በሌላ በኩል የትልቁ አንጀት ካንሰር በ6፣ የዳሌ አጥንት ስብራት በ5 ቀነሰ።

ዜናው ዓለምን አናወጠ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ። በካናዳ የሽንቱ ፍላጎት ስለወረደ በርካታ የባዝራ አርቢዎች ውላቸው ተቋረጠ፤ ፈረሶቻቸውንም ለመሸጥ ተገደዱ።

ዝርዝሩ ግን ከአርእስተ ዜናው የሰፋ ነበር። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ነበር፤ ይህም ብዙዎቹ ካረጡ ዓመታት ያለፋቸው መሆናቸውን ያሳያል። የተፈተነውም አንድ ውሕድ እንጂ ሆርሞን ሁሉ አልነበረም። ማሕፀናቸው የወጣላቸው 10,739 ሴቶች የተሳተፉበትና የባዝራ ኤስትሮጅን ብቻ የተሰጠበት ሌላው ክፍል በ2004 ሲቆም ስትሮክ ጨምሮ ተገኘ፤ የጡት ካንሰር ግን አልጨመረም። በዚህም የተነሣ በጡት ካንሰር ረገድ ጥርጣሬው ከባዝራው ኤስትሮጅን ይልቅ አብሮት ወደተሰጠው ቅርጸ ለውጥ ሆርሞን አዘነበለ።

በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በታች የሆነና ካረጡ 10 ዓመት ያልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ከሕክምናው የሚያገኙት ጥቅም ከጉዳቱ ሊያመዝን እንደሚችል አመለከቱ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በኅዳር 2025 በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የነበረው የልብ፣ የጡት ካንሰርና የመርሳት ሕመም ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ መወሰኑን አስታወቀ። ማሕፀን ላላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ የሚያስከትለውን የማሕፀን ካንሰር ስጋት የሚመለከተው ማስጠንቀቂያ ግን እንዲቆይ ተደርጓል።

ቅርጽ፣ መንገድና መጠን

ታዲያ ከሰውነት ሆርሞን ጋር አንድ የሆነው ይሻላል? በአንዳንድ ረገድ ማስረጃው ወደዚያ ያዘነብላል። ፕሮጄስትሮን በቀድሞው መልኩ ሲዋጥ ጉበት ስለሚያፈርሰው ብዙም አይጠቅምም ነበር። ኬሚስቶች ቅርጹን የለወጡት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በኋላ ግን ፕሮጄስትሮኑን እጅግ አድቅቆ በዘይት ውስጥ በመያዝ በክኒን መስጠት ተቻለ፤ በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ መድኃኒት በ1998 ተፈቀደ። በፈረንሳይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ የደቀቀውን ፕሮጄስትሮን ከኤስትሮጅን ጋር የወሰዱ ሴቶች ቅርጸ ለውጥ ሆርሞን ከወሰዱት ያነሰ የጡት ካንሰር ስጋት እንደታየባቸው አመልክቷል። ጥናቱ ሴቶቹ በራሳቸው ምርጫ የወሰዱትን የተከታተለ እንጂ በዕጣ የተመደበ ሙከራ አልነበረም። ስለዚህ ጠንካራ ፍንጭ ነው፤ የመጨረሻ ፍርድ ግን አይደለም።

ይህ ማለት አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ሆርሞን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ኤስትራዲዮል በአፍ ሲወሰድ መጀመሪያ በጉበት በኩል ያልፋል፤ ጉበትም ደምን የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን እንዲያበዛ ያደርገዋል። ያው ኤስትራዲዮል በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በሚቀባ መልክ ሲሰጥ በቀጥታ ወደ ደም ስለሚገባ፣ የደም መርጋት ስጋቱ ዝቅ ያለ ሆኖ በጥናቶች ታይቷል። ሆርሞኑ አልተለወጠም፤ የገባበት በር ተለወጠ እንጂ።

ደቅቆ በዘይት የተያዘው ፕሮጄስትሮን ራሱ ሌላ ምሳሌ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው አንዱ ዓይነት የተዘጋጀው በለውዝ ዘይት ነው፤ ለውዝ ለማይስማማት ሴት ይህ «ተፈጥሯዊ» ሆርሞን አደጋ ሊሆንባት ይችላል።

በአሜሪካና በሌሎች አገሮች «ከሰውነት ጋር አንድ የሆነ» በሚል ስያሜ ለእያንዳንዷ ሴት ለብቻ የሚቀመሙ ቅባቶችና ከቆዳ ሥር የሚቀበሩ እንክብሎች ገበያ ሰፍቷል። በፋብሪካ ተመርተው ፈቃድ ያገኙት ኤስትራዲዮልና ፕሮጄስትሮንም ከሰውነት ጋር አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚቀመሙት እንደ እነርሱ በመንግሥት ተቆጣጣሪ ጥራታቸውና መጠናቸው ተፈትሾ ያልጸደቀ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2020 ባወጡት ሪፖርት የእነዚህ ቅመሞች አጠቃቀም እንዲገደብ መክረዋል። በአንዱ ጠርሙስ ኤስትሮጅኑ ቢበዛ፣ በሌላው ፕሮጄስትሮኑ ቢያንስ የምትጎዳው ሴቷ ናት።

ለኢትዮጵያውያን እናቶች

በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህ ዕውቀት ጥቅም አለው። ከባሕር ማዶ በዘመድ እጅ የሚመጣ ክኒን ወይም ቅባት ለላኪዋ የተስማማ ቢሆን እንኳ ለተቀባይዋ ላይስማማ ይችላል። አንዷ ማሕፀኗ የወጣ፣ ሌላዋ ያልወጣ ልትሆን ትችላለችና።

ተልባና አኩሪ አተር ኤስትሮጅንን በደካማው የሚመስሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። በምግብነታቸው ጥሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የሙቀት ስሜትን በመቀነስ ረገድ የሚሰጡት ጥቅም መጠነኛ ነው፤ የሐኪም ሕክምናን አይተኩም። ከእነርሱ ተጨምቀው በክኒን የሚሸጡትም ምግብ ስለሆኑ ብቻ ለሁሉም ይስማማሉ ተብሎ መወሰድ የለበትም፤ በተለይ የጡት ካንሰር ሕክምና የምትከታተል ሴት ሐኪሟን ሳታማክር ልትወስዳቸው አይገባም።

የጡት ካንሰር የነበረባት፣ ደሟ ረግቶ የሚያውቅ፣ በስትሮክ ወይም በልብ ድካም የተመታች፣ የጉበት ሕመም ያለባት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የማሕፀን ደም የሚፈሳት ሴት በአጠቃላይ የሆርሞን ክኒን አይታዘዝላትም። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ማንኛዋም ሴት፣ ሆርሞን ትውሰድም አትውሰድም፣ ሳትዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ከ40 ዓመት በፊት ላረጠች ወይም የዕንቁላል ዕጢዎቿ በቀዶ ሕክምና ለወጡባት ወጣት ሴት ደግሞ ሆርሞኑን መተው አጥንቷንና ልቧን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ ብዙውን ጊዜ እስከ ተለመደው የማረጥ ዕድሜ ድረስ እንድትወስድ ይመከራል።

ወደ ሐኪም የምትሄድ ሴት «ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ?» ከማለት ይልቅ አምስት ጥያቄዎችን ብትይዝ ይበጃታል። በውስጡ ያለው ሆርሞን ስሙ ማን ነው? መጠኑ ስንት ነው? የሚዋጥ ነው ወይስ በቆዳ የሚሰጥ? ማሕፀኔን የሚጠብቅ ፕሮጄስትሮን አብሮት አለ? ጥራቱን የመረመረውና የመዘገበው ተቆጣጣሪ አካል ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው መድኃኒት መነሻው የባዝራ ሽንትም ይሁን አኩሪ አተር ሊመዘን ይችላል። መልስ የሌለው ግን ማሸጊያው ላይ ቅጠል ቢሣልበትም እንኳ ባይወሰድ ይሻላል።